ከደጅ እስከ ጓሮ

ወልደአረጋይን ክፉ ሰው ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ደግ ነበር ማለትም ያው ነው። መዘዞ አጠገብ ከሚኖሩት ገበሬዎች እንደ አንዱ ነበር። አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ጥቂት በጎች፣ ይመኙሻል የምትባል ሚስትና ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ነበሩት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ከጎረቤቱ ከየሺጥላ በሬ ጋር እያቀናጀ አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የየሺጥላን ማሳ ያርሱ ነበር። ስምንት ዓመት አብረው ሲያርሱ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሰውም ስማቸውን ለይቶ መጥራት ትቶ «መቀናጆዎቹ» ይላቸው ነበር።

ያ የከብት በሽታ የመጣ ዓመት መጀመሪያ የየሺጥላ በሬ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን የወልደአረጋይ በሬ ተከተለ። ላሚቱ ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ ዐይኗ መግል እያነባ ሰባት ቀን ቆመችና በስምንተኛው በረቱ ውስጥ ተዘረረች። በየሜዳው የወደቀውን ከብት ጅብ በልቶ ስለማይጨርሰው አገሩ በጥንብ ሽታ ታፈነ። በማሳ የነበረውን ገብስ ደግሞ ውርጭ ጨረሰው። ሰው ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንዳስቀየመ ራሱን ይጠይቅ ጀመር፤ መልስ የሚሰጠው ግን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ይመኙሻል ወንድሟ ታመመ ተብሎ አንኮበር ሄደች። ወልደአረጋይ ብቻውን መቅረቱን ሲያይ ዶማ ይዞ ባዶው በረት ውስጥ ገባ። ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ ለዘር ያስቀመጠውን አንድ ጫን የማይሞላ ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠው። አፉን በጭድና በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነ፤ በጭቃ መረገ፤ በላዩ የደረቀ እበት በተነ። ይመኙሻል ስትመለስ «ዘሩን ለሹም ግብር ወሰዱት» አላት። እሷም አለቀሰችና አመነችው።

ለምን ከሚስቱ ደበቀ የሚል ይኖራል። ይመኙሻል እጇ ለመስጠት ይፈጥናል፤ ለማኝ ደጅ ላይ ቆሞ ሲያሳዝናት ቆጥባ መስጠት አትችልበትም። ወልደአረጋይ ደግሞ ሁሉን አስቦ ጨርሷል። የበልግ ዝናብ ሲጥል በሬ ባይኖረውም የጓሮውን መሬት በዶማ ይገለብጣል፤ ያቺን ገብስ ይዘራል፤ ሰኔ ላይ ልጁ ገንፎ ትበላለች። ዛሬ አንድ እፍኝ ከወጣ ሰኔ ላይ አንድ ቁና ይጎድላል። ሐሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ነገሩን ያከፋው።

በጎቹ ታርደው ካለቁ ወዲህ እስከዚያው ሳማ እየቀቀሉ በሉ፤ ያውም ያለ ጨው። ይመኙሻል ክረምቱን የፈተለችውን ጥጥ ይዛ በጨው ልትለውጥ አሊዩ አምባ ገበያ ወረደች፤ ያንኑ ፈትል ይዛ ተመለሰች። እህልና ጨው ያለው ሰው ፈትል አይፈልግም ነበር። ልጅቱ የደረቀ ጡት ስትጎትት፣ ሲያቅታት ስታለቅስ ወልደአረጋይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። የበልጉን ደመና በልቡ ይቆጥራል።

በዚህ መሐል ነው ሰው መለመን የጀመረው። መጀመሪያ የመጣው የሺጥላ ነበር። ልጁ ታሞበት ኖሮ በር ላይ ቆሞ፣ ሲናገርም ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አንድ እፍኝ ብቻ፣ አጥሚት አድርጌ እንዳጠጣው» አለ። ወልደአረጋይ፣ «ጊዮርጊስን፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ፍሬ የለም» ብሎ ማለ። ጉድጓዱ ቤት ውስጥ አይደለም፤ በረት ውስጥ ነው። ሰው ሲጨንቀው ጊዮርጊስንም ሊያታልል ይሞክራል። ልጁ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። መቃብሩን የቆፈረለት ወልደአረጋይ ነው፤ በዚያው በረቱን በቆፈረበት ዶማ።

ከዚያ የጠየቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። በደጀ ሰላሙ ተኝተው ለሚሞቱት ነዳያን ከየቤቱ ያለው ይዋጣ ተባለና በእሑድ ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ተጠየቀ። አንዳንዱ እፍኝ ሽምብራ፣ አንዳንዱ የእንጨት ሸክም አለ። ወልደአረጋይ ተራው ሲደርስ «ቤቴ ውስጥ እህል ቢገኝ ሥጋዬን አሞራ ይብላው» ብሎ ሁለተኛ ማለ። የሺጥላ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

የካቲት ገብቶ ደመናው መሰብሰብ እንደጀመረ፣ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ላሊበሎች መጡ።

ላሊበሎች በየዓመቱ ይመጣሉ። ባልና ሚስት ሆነው፣ ቀድሞ በዋዜማው የባለቤቱን ስም ከሰው ጠይቀው፣ ወፍ ሳይንጫጫ ደጅ ላይ ቆመው ያንጎራጉራሉ። ሴቲቱ ታወጣለች፤ ባልዋ በወፍራም ድምፅ ይቀበላል። ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ ያሞግሱታል፤ እሱም ከቤት ወጥቶ እጁ የቻለውን ይሰጣል፤ ወንዱ ይመርቃል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። አንድ ንጋት ሳያዜሙና ሳይለምኑ ቢያልፉ ደዌ ሥጋቸውን ይበላዋል ተብሎ ከአያት ከቅድመ አያት ተነግሯቸዋልና ጥጋብም ሆነ ረኀብ አይቀሩም። በደጉ ዘመን ወልደአረጋይ ድምፃቸውን ሲሰማ ጋቢውን ወደ ራሱ ይስብና ይተኛል፤ የምትወጣው ይመኙሻል ናት። እንዲያውም በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚሉ አዳምጦ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን ግን እንቅልፍ አልነበረውም። የረሀብ ሌሊት ረጅም ነው። ድምፁ ከደጅ ሲጀምር ይመኙሻል በጨለማ ተነሥታ ማድጋው ሥር የቀረችውን የባቄላ ዱቄት በእጇ ስትጠርግ ሰማት።

«አስቀምጪው» አላት።

«ባዶ እጃቸውን ከደጄ አይመለሱም። ምርቃታቸው ይቅርብኝ ነው የምትለው?»

«አስቀምጪው አልኩሽ።»

እሷ ልትመልስለት ስትል የሴቲቱ ድምፅ ከፍ አለ፦

የወልደአረጋይ ቤት ከደጅ እስከ ጓሮ፣
እህል ይወጣዋል መሬቱ ተቆፍሮ።

ባልዋ ተቀበለና ደገመው። በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ፣ አገር እንዲሰማው አድርጎ ነበር የሚለው። ወልደአረጋይ ከተኛበት ብድግ አለ። «መሬቱ ተቆፍሮ» አሉ። ማን አየኝ፣ ማን ነገራቸው አለ በልቡ። ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚያዜሙት፤ እንግዲያ ጎረቤት ያውቃል ማለት ነው። ያውቃልና አሁን በእነሱ አፍ እያስጮኸው ነው።

ከበሩ አጠገብ የማረሻው እርፍ ተደግፎ ቆሟል፤ በሬው ከሞተ ጀምሮ የነካው የለም። ያንን አንሥቶ ወጣ። ይመኙሻል ጋቢውን ያዘችው፤ ጋቢው እጇ ላይ ቀረ።

ላሊበላው ሽማግሌ ቢጤ ነው፤ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሚስቱ ከጎኑ ናት። ሰው ከቤት መውጣቱን ሲያዩ ሊሰጣቸው የመጣ መስሏቸው ድምፃቸውን አሳመሩ።

«ማን ነገራችሁ?» አለ ወልደአረጋይ።

ግጥሙ መሐል ላይ ነበሩና አልመለሱለትም።

«ማን ነገራችሁ እላለሁ! ዝም በሉ!»

የመጀመሪያው ምት የሰውየውን ትከሻ አገኘው። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየው፤ አፉ ገና ለመቀበል እንደተከፈተ ነው። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። እርፉ ደረቅ ወይራ ነውና አጥንቱ ሲሰበር ለራሱ ለወልደአረጋይም ተሰማው። ሰውየው ያለ ድምፅ በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያም በፊቱ ተደፋ። ደሙ በውርጩ ላይ እየጨሰ ወረደ።

ሴቲቱ አጠገቡ ወደቀችና ራሱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ማዜሟን ግን አላቆመችም። ምጽዋት ሳይሰጧት መሄድ አይሆንላትም፤ ፀሐይ ሳትወጣም ዝም ማለት አይሆንላትም። ባልዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያንኑ ግጥም ጀመረችው። ወልደአረጋይ አፏን በእግሩ መታት። ከንፈሯ ተተረተረ፤ ደሟን ዋጠችና ቀጠለች። ደግሞ መታት። ይመኙሻል ከኋላው ተጠምጥማ ጥፍሯን አንገቱ ላይ ተከለች፤ ወርውሮ ከአጥሩ ጋር አላተማት። «መሬቱ ተቆፍሮ» ይላል አሁንም ያ የተሰነጠቀ አፍ።

ያን ጊዜ የየሺጥላ ውሻ ጮኸ፤ በር ተከፈተ። የሺጥላ ዱላውን ይዞ መጣ። ከወዲያ ማዶ ብቻዋን የምትኖረው ባሏ የሞተባት በሰለች በምርኩዝ እየተጎተተች ደረሰች። ሌሎችም ከየጎጆው ወጡ።

«ምን አድርገውህ ነው?» አለ የሺጥላ።

«ሰደቡኝ።»

በሰለች ራሷን ነቀነቀች። «ስድብ አልሰማሁም። ቀጥሎ ወደ እኔ ይመጣሉ ብዬ ከደጄ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ያመሰግኑህ ነበር። እህል ይወጣዋል ነው ያሉህ።»

የሺጥላ የወደቀውን ሰው አየ፤ እርፉን አየ፤ ከዚያ ወልደአረጋይን አየው። «ማን ነገራችሁ ስትል ሰምቼሃለሁ» አለው ቀስ ብሎ። «ምኑን ነው የሚነግሯቸው?»

ወልደአረጋይ ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ነገሩ ይበርድ ነበር፤ ግን እግሩ ቀደመው። ወደ ቤት ገብቶ ጦሩን ነጥቆ ወጣና በረቱ ውስጥ ገብቶ መሐሉ ላይ ቆመ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጦሩን ወደ ሰዉ አዙሯል።

የሺጥላ የአጥሩን እንጨት ተደግፎ ትክ ብሎ ተመለከተው። «የሚጠብቅ ሰው ቤቱ በር ላይ ነው የሚቆም» አለ። «ሚስትህና ልጅህ ያሉት እዚያ ነው። ባዶ በረት ምን አለው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ገባቸው። ጉድጓዱ የት እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር፤ የቆመበት ቦታ ነገራቸው።

የሺጥላ ተመልሶ ሄደና ዶማ ይዞ መጣ። ሌላ ሰው አልቀደመም፤ ሁሉም ለእሱ መንገድ ለቀቁለት፤ በዚያ ወር ልጅ የቀበረ እሱ ነበርና።

«አንድ እርምጃ ብትጨምር እወጋሃለሁ» አለ ወልደአረጋይ። «ዘር ነው የሺጥላ። በልግ ሊጥል ነው። ከሰጠኋችሁ ዛሬ በልታችሁ ሰኔ ላይ ሁላችንም እናልቃለን።»

«የኔ ልጅ ሰኔን አይጠብቅም» አለ የሺጥላ፤ እርምጃውን ጨመረ።

ጦሩ ጭኑን በሳው፤ በወዲያ በኩል ወጣ። የሺጥላ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ዶማውንም አልለቀቀም። ጦሩ ጭኑ ውስጥ እንዳለ፣ ተቀምጦ፣ ወልደአረጋይ የቆመበትን እበት በዶማው ይቆፍር ጀመር። ደሙ እየፈሰሰ ይቆፍራል። ወልደአረጋይ ጦሩን ለመንቀል ሲጎነበስ የመጀመሪያው ድንጋይ ጥርሱ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የማን እጅ እንደመታው አይታወቅም። ከአጥሩ እንጨት እየነቀሉ መቱት። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰበረ። አንዱ ፊቱን ረገጠው፤ አንዱ ጀርባው ላይ ቆመ። የገዛ በረቱን እበት በአፉና በአፍንጫው እየሳበ ወደቀ።

የጉድጓዱ ክዳን ድንጋይ ሲነሣ የጉድጓድ ገብስ ሽታ ወጣ። ያን ሽታ የሚያውቀው የተራበ ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወረወረ። በቀሚስ፣ በነጠላ፣ በጉያ፣ በአፍ ሳይቀር ዛቁ። አንዱ የሌላውን ጆሮ ነከሰ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ እፍኝ ተናንቀው ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ፤ ሌላው በራሳቸው ላይ ቆሞ ዛቀ። በሰለችን አንዱ በጉልበቱ ገፍቶ ጣላት፤ ከእግር ሥር እየዳኸች የተበተነውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቀመች።

ወልደአረጋይ በአንድ ዐይኑ ያያል። ሌላኛው አብጦ ተዘግቷል። በዚያ በአንዱ ዐይን ይመኙሻል ልጇን አዝላ ስትመጣ አያት። ልታነሣው የመጣች መሰለው። እሷ ግን ተሻገረችው። ቀሚሷን ዘርግታ ከሰዉ መሐል ገባች፤ ሊያወጣት የሞከረውን ሰው እጅ እስኪደማ ነከሰች፤ ቀሚሷን ሞልታ ወጣች። ስትመለስ አጠገቡ አንድ አፍታ ቆመች።

«ልጄ ደረቅ ጡት ስትጎትት አጠገቤ ተኝተህ ነበር» አለችው።

ላሊበላው ሽማግሌ ቀትር ላይ ሞተ። ጭቃ ሹሙ ገብረ ጻድቅ ተጠርቶ መጣ፤ ቄሱም መጡ። ለፍትሐቱ ክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ሴቲቱ «ወልደተንሣኤ» አለች፤ የራሷንም ሲጠይቋት «አልታየች» አለች። አገራቸውን ግን አልተናገረችም፤ ላሊበሎች አገራቸውን አይናገሩም። ቀብረውት ሲመለሱ ገብረ ጻድቅ ወልደአረጋይን አስነሥቶ ዳኛ ፊት ለመቅረብ አንኮበር እንዲወሰድ ፈረደ። «ከሳሽ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ደም የሚጠይቅ ወንድም የለ፣ ልጅ የለ።

«እኔ አለሁ» አለች አልታየች።

«ሴት ከነፍሰ ገዳይ ጋር እንዴት ትቆራኛለች?» አሉ ሽማግሌዎቹ። ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ ታስረው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይሄዳል።

«ሌላ ሰው የለኝም» አለች።

ስለዚህ የወልደአረጋይን ያልተሰበረ ግራ እጅ ከአልታየች ቀኝ እጅ ጋር በጠፍር አሰሯቸው። በገብረ ጻድቅ አዳራሽ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእሷ አፍ አብጧል፣ የእሱም ጥርስ ወልቋል።

ሊነጋጋ ሲል ጠፍሩ ተጎተተ።

«ተነሥ» አለችው።

«ገና አልነጋም። አንኮበር ስንሄድ የምንነሣው ሲነጋ ነው።»

«እኔ ከመንጋቱ በፊት ሥራ አለኝ። ትናንት ለባሌ ብዬ አልቀረሁም፤ ዛሬም ላንተ ብዬ አልቀርም።»

ጠባቂው ገብረ ጻድቅን ቀሰቀሰ። ገብረ ጻድቅ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም አያቸውና አሰበ። «ከቁራኛዋ ጋር ትሂድ» አለ። «አንተም ከኋላ ተከተላቸው» አለው ጠባቂውን።

የመጀመሪያው ደጅ የበሰለች ነበር። አጥር የለው፣ ጓሮ የለው፤ ጣሪያው ግማሹ የተነቀለ ጎጆ ነው። በዚያ ቤት ትናንት ከእበት ላይ ከተለቀመ ፍሬ በቀር ምንም እንደሌለ አገር ያውቃል። አልታየች ነጠላዋን ተከናነበች፤ ግራ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች፦

የእሜቴ በሰለች ቤት ከደጅ እስከ ጓሮ፣
እህል ይወጣዋል መሬቱ ተቆፍሮ።

ወልደአረጋይ ዞር ብሎ አያት። ስትጨርስ ቀስ ብሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ይኸን ነው ለእሷም የምትዪው?» አላት።

«ለሁሉም ነው የምለው። ከአባቴ የተማርኩት ይኸን ነው።»

«ስለ ጉድጓዱ የነገራችሁ አልነበረም?»

«የምን ጉድጓድ?» አለች አልታየች። «እኛ የምንጠይቀው የባለቤቱን ስም ብቻ ነው።»

አንድ ሰው ገድሏል፣ መቀናጆውን ወግቷል፣ ዘሩን በትኗል፤ ሁሉም በማንም ደጅ ለሚባል ግጥም ብሎ። ትናንት ያቺን የባቄላ ዱቄት ይመኙሻል ይዛ ብትወጣ ኖሮ መርቀው ይሄዱ ነበር፤ ገብሱም እበቱ ሥር ዝናቡን ይጠብቅ ነበር። ይኸን ሲያስብ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልታየች አላጽናናችውም፤ ደግሞም አልሰደበችውም።

«ተቀበል» አለችው። «ወንድ ካልተቀበለው ሰው አይነቃም።»

«አልችልም።»

ጠፍሩን ጎተተችው፤ ሲጎተት የተሰበረው ክንዱ ተናወጠና ጮኸ። በዚያ ጩኸት ላይ ግጥሙን ደግማ አነሣችው። ተቀበለ። ጥርስ በሌለው አፍ፣ ደም እየተፋ፣ ተቀበለ። በሰለች ወጥታ አምስት ስድስት ፍሬ አልታየች ባነገተችው ከረጢት ውስጥ ጣለች። በጨለማ ማንነቱን አላወቀችውም። አወቀችውም ይሆናል።

በየሺጥላ ደጅ ሲቆሙ ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ይሰማል። የየሺጥላ ሚስት ሸዋወርቅ እፍኝ ገብስ ይዛ ወጣች፤ የእበት ትቢያ ያልተራገፈበት ነው። አየችው። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠችውና ገባች።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የእሱ ቤት ነው። አልታየችን «ይለፈን» ብሎ ለመናት። «ዘለን የሄድነው ቤት የለም» አለችው። ደጁ ላይ ያ እርፍ እንደወደቀ ነው፤ መሬቱ ላይ ያለው ደም ውርጭ ይዞታል። አልታየች የባለቤቱን ስም ከሰው አልጠየቀችም፤ ማን እንደቀረ ታውቃለች፦

የይመኙሻል ቤት ከደጅ እስከ ጓሮ፣
እህል ይወጣዋል መሬቱ ተቆፍሮ።

ወልደአረጋይ ተቀበለ። በዕድሜው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ የተኛበት ቤት ነው፤ አሁን ውጭ ቆሞ ቀሰቀሰው።

ይመኙሻል ልጇን አዝላ ወጣች። ልጅቱ አታለቅስም ነበር፤ አፏ ላይ የገብስ አጥሚት ደርቆበታል። ይመኙሻል ሁለት እጇን ገጥማ የያዘችውን ገብስ ከረጢቱ ውስጥ አፈሰሰች፤ አንድ ፍሬ አልወደቀባትም። ከዚያ ቆመች። ምርቃት የወንዱ ድርሻ ነው።

ወልደአረጋይ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለዘር የሚሆን አስቀርተሻል?»

«ምርቃቱን ነው የምጠብቀው» አለች ይመኙሻል።

ጎንበስ አለ፤ የታሰረውን እጁን ከአልታየች እጅ ጋር አብሮ አነሣ። «እግዜር ይስጥልን» አለ። «የሰጠ እጅሽ አይንጠፍ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ከደጅ እስከ ጓሮ ይሙላልሽ።»

«አሜን» አለች፤ ገብታ በሩን ዘጋችው። ምሥራቁ መቅላት ጀምሮ ነበር፤ ከመንጋቱ በፊት የሚዳረስ ሌላ ቤት ስላልቀረ ሁለቱ የአንኮበርን መንገድ ያዙ።